የጀይላን ቆርቆሮ

ቀን ነው፣ እንቅልፍ ግን የለም። ሐረገወይን መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘግታለች፤ ብርሃኑ ግን ከግርጌው ሾልኮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመችበት እግሯ ይጠዘጥዛል፣ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራታል፣ ልቧ ግን አርፎ አይተኛም። የግድግዳው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል፣ የእጇ ሰዓት ስድስት ተኩል። የእጇን ሰዓት ከሸዋሮቢት ጋር እንዳስማማችው ነው፤ ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከገባች ሦስት ወሯ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልነካችውም። ስልኩ የሚደወለው በእጇ ሰዓት ዘጠኝ ላይ ነው። በቆላው ጤና ጣቢያ አብራት የሠራችው እትዬ በላይነሽ በደብዳቤዋ እንዲህ ብላ አስጽፋለች፤ «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ጀይላንን ይዤ ስልክ ቤት እገኛለሁና ከስልክሽ አትራቂ፣ ነገሩ ብርቱ ነው።» ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ልተኛ ትላለች፣ ዓይኗን ስትጨፍን ያ ሳጥን ይመጣባታል። አራት ክፍል ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ የጠዋት፣ የቀን፣ የማታ፣ የመኝታ። እዚህ ሆስፒታል ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የዕለቱ ክኒን ብቻ እየተቆጠረ ይገባበታል፣ ነርሷ አጠገቡ ቆማ ታስውጠዋለች፣ የነገው ነገ ነው። ይህንን ተማሪ ተብላ ስድስት ሳምንት ተማረች። ባለፈው ሳምንት የክፍሉ አለቃ ሲስተር ሂልደጋርድ፣ በእነሱ አጠራር ሽቬስተር፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥታ እጇን ጨበጠቻት፣ ጓደኞቿም አጨበጨቡ፤ ሐረገወይን እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። ወረቀቱ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ልትቀደው ተነስታ ነበር፣ ተመልሳ ተኛች። ይህንኑ የሠራ ሰው በእኛ አገር ተከሰሰ፣ ትላለች ለኮርኒሱ። ይህንኑ! የብስኩት ቆርቆሮ በካርቶን አራት ቦታ ከፍሎ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ ዛሬ በዋስ ነው የሚኖረው። እኔ ግን ወረቀት ተሰጠኝ።

ጀይላን ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፣ ንዳድ የያዘውን ከሩቅ አይቶ በአረማመዱ ይለያል። እሷ ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ቆላ ስትመደብ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የተቀበላት እሱ ነው፤ ከጭነት መኪናው ጋቢና ሻንጣዋን አውርዶ፣ የመጻሕፍቷን ካርቶን አንስቶ «ሲስተር፣ ይህ ሁሉ የእኛ አገር በሽታ ነው?» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደጋት፣ ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃት፣ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር የምትግባባ ልጅ ናት። እናቷ «ልጄ ጨዋ ናት፣ ድምጿን ጎረቤት ሰምቶት አያውቅም» እያሉ ይመኩባት ነበር። አሁንም በስልክ ይኼንኑ ይላሉ፤ ባለፈው ወር ደውለው «እዚያም ጨዋነትሽን ጠብቂ» አሏት፣ እሺ አለች፣ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፣ ለምን እንዳለቀሰች ማንም አልጠየቃትም። ጨዋነት! ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ምን አስቦ ይሆን፣ ትላለች ትራሷን እየገለበጠች። በዚያ ዓመት ስንቱን ተማርኩ፤ የቆላ እናት ልጇን «እንዴት ነው?» ሲሏት «ደህና ነው» የምትለው ደህና ሆኖ ሳይሆን በአፏ ክፉ ላለማውጣት እንደሆነ ተማርኩ፤ ሰው የሚታመመው በየቀኑ፣ የሚመጣው ግን በገበያ ቀን እንደሆነ ተማርኩ፤ የሕፃን ደም ሥር በእግር ላይ እንደሚፈለግ ተማርኩ። ዝም ማለት ሰው እንደሚገድል ግን የትኛው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ነበር?

ቆርቆሮውን ያየችው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ዓመት ረመዳን የገባው በንዳዱ ወቅት ነበር፤ ዝናቡ አቁሟል፣ የሮቢ ወንዝ ዳር ኩሬ ሁሉ ትንኝ ይፈላበታል፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፣ በየቤቱ አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ጀይላን ወደ ማታ ላይ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ጀይላን፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የረመዳን መድኃኒት ነው ሲስተር።»

«የረመዳን መድኃኒት የሚባል አለ እንዴ?»

«መድኃኒቱስ ያው የወባው ክሎሮኪን ነው። ሰዉ ነው ሌላ የሚሆነው።» ከዚያ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳት። «የታመመ አይጹም ይላል ሕጉ፣ ሼኹም ይነግሯቸዋል። ግን ንዳድ የያዘው ሁሉ ያፍርስ ከተባለ አገሩ በሙሉ ሊያፈርስ ነው፤ ያፍራሉ። ቀን አይውጡልዎትም። እኔ ፀሐይ ስትገባ የመግሪብ አዛን ሲል መስጊዱ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ተምር ቀምሰው፣ ውኃ ጠጥተው ሲጨርሱ የዕለቱን በእጄ አስውጣቸዋለሁ። ለሱሁር፣ ሊነጋ ሲል ለሚበሉት፣ የሚሆነውን ሁለት ፍሬ ለብቻ ጠቅልዬ እሰጣለሁ። የነገውን ነገ።»

«መዝገብ ላይ ያልገባ ክኒን ከዚህ በር አይወጣም።»

«መዝገቡን ይዤ ልሂዳ።»

«መዝገብም ከቢሮ አይወጣም።»

«እንግዲህ ክኒኑም አይወጣ፣ መዝገቡም አይወጣ፤ ንዳዱ ብቻ ነው እንዳሻው የሚወጣ የሚገባው» አለና ቆርቆሮውን ከነክኒኑ መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠው። አልተቆጣም። ምነው ተቆጥቶ በነበረ! እሷም አልተቆጣችም፤ በለሆሳስ፣ በጨዋ ድምፅ፣ «ጋሽ ጀይላን» እያለች ነው የከለከለችው። አክብሮ መጥራት ምንም እንደማያስከፍል ያን ጊዜ አላወቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት ሁሉ በቀን፣ በመስኮት፣ መዝገብ ላይ በአውራ ጣት እየተፈረመ ይሰጣል ተባለ። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን በረመዳን ንዳድ ይዞት አያውቅም።

አሁን ስንት ሰዓት ነው? ሰባት ከሩብ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፣ ቁልፍ ይንኳኳል፣ እንደገና ጸጥ። በዚህ የነርሶች ማደሪያ ጸጥታ እንኳ በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፈ ነው፤ የሌሊት ተረኞች ስለሚተኙ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጥፏል። ለእንቅልፍ ሕግ ያወጣ አገር። የዓምናው የመድኃኒት መስኮት ሰልፍ ይመጣባታል፤ ሐምዲያ መሐሉ ላይ ቆማለች። ሐረገወይን ዓይኗን ብትጨፍንም ብትገልጥም ታያታለች፤ ቀጭን፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ የማትሞላ፣ ጥቁር ሻሿን አገጯ ሥር ያሰረች፣ ከጀውሃ በታች ካለ መንደር ከፀሐይ በፊት ተነስታ በእግሯ የመጣች። የገበያ ቀን ነው፣ ከኋላዋ አርባ ሰው አለ። እጇን ስትነካው ያቃጥላል።

«ሰውነትሽ እሳት ነው። ይኸው አሥር ፍሬ። አራቱን አሁን እዚሁ ዋጪ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሁለት፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት።»

«ጾመኛ ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ መቼ ልትውጪው ነው?»

«ሳፈጥር ነዋ፣ ኢንሻአላህ።»

«በይ እሺ፣ ስታፈጥሪ ዋጪው። ጣትሽን እዚህ ላይ።»

ይኼው ነው። ሌላ ምንም አልተባለም። ሰዓቱ ሲፈርስ ቁጥሩም እንደሚፈርስ፣ አራትና ሁለት የተባለው እንደገና ሊነገር እንደሚገባ አላሰበችም። ሐምዲያ አውራ ጣቷን በማኅተም ቀለሙ ላይ አድርጋ መዝገቡ ላይ አሳረፈች፤ ማሽላ ሲፈጭበት፣ አረም ሲነቀልበት የኖረ ጣት ነው፣ መስመሩ ተልጦ አልቋል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ድፍን ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። «አልወጣም፣ እንደገና!» አለች ሐረገወይን። አዎ፣ በዚያ ቀን ድምጿን ከፍ አደረገች፤ በሕይወቷ ጮኻ የምታውቀው ያን ቀን ነው፣ ለጣት አሻራ። እጇን ይዛ ራሷ ተጭና አስፈረመቻት። ከኋላ አንዲት ሴት «ቶሎ በይ እንጂ ሐምዲያ፣ ንዳዱ እኛን የሚጠብቀን መሰለሽ?» ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው፤ ሐምዲያም ሳቀች፣ ክኒኑን በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ጀይላን በጓዳው በር ከቁስለኛው ላይ ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት ሐረገወይን አየችው። በዓይኗ ዝም አሰኘችው። በዓይን ዝም ማሰኘት ትችላለች፣ ለዚያ ዓይናፋር አልነበረችም።

በማግሥቱ ጠዋት ባልየው መጣ። አብዱረሂም ይባላል፤ ረጅም፣ ፊቱ ላይ አቧራ የደረቀበት ሰው። ሰልፍ ሳይገባ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ እስኪያዩት ጠበቀ።

«ሐኪሟ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ ዘረጋላት። ባዶ ነው።

«ሁሉንም ባንዴ ውጣለች፣ አንዲት አልጣለችም። ገንፎውን እንኳ ሳትቀምስ፣ መድኃኒቱ ይቅደም ብላ፣ እንዳዘዟት። ከዚያ ዓይኔ ጨለመ አለች። ልቤ እየቆመ ነው አለች። ሱሁር ሳይደርስ ሄደች።» ባዶውን ወረቀት ገልብጦ አሳያት። «የመጣሁት ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ምናልባት አንዲት ጎድላባት ይሆን? መንገድ ላይ ጠፍታባት ይሆን ያልዳነችው? እሱን ካወቅሁ ልቤ ያርፋል።»

አንዲት ጎድላባት ይሆን! ሐረገወይን አልጋዋ ላይ ተነስታ ትቀመጣለች፣ ጉልበቷን ታቅፋለች። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ፊት ምን ይባላል? «አልጎደለም» አለችው። አንድ ቃል። ሰውየው «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ትቶላት ወደ ቀብር ተመለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጤና ጥበቃ የመጣው ተቆጣጣሪ ኮት ለብሶ፣ በቆላው ሙቀት ላቡ እየወረደ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። መደርደሪያው ላይ ቆርቆሮውን አየ፤ ከፈተው፤ መዝገብ ላይ ያልገባ ክኒን አገኘበት። ሌላ ምን ይፈልጋል? «አንተ ነህ ለሴትዮዋ የሰጠሃት!» አለ። ጀይላን «ጌታዬ፣ መዝገቡን ይመልከቱ» አለ። ተቆጣጣሪው መዝገቡን አላየም፤ ሐረገወይንን ነው ያየው። እሷ ወለሉን ታያለች። የወለሉን ስንጥቅ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ መሐል ላይ ሁለት ይሆናል። ተቆጣጣሪው ለብቻዋ ወደ ጎን ወስዷት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ ጨዋ ነሽ። ስምሽ ለውጭ አገር ትምህርት ተልኳል። ባንድ ድሬሰር ምክንያት ዕድልሽን አታበላሺ። እዚህች ላይ ፈርሚ።» ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ሟቿ ባለማወቅ፣ ድሬሰሩ ያለ ፈቃድ። ሁለት ጥፋተኛ፣ አንዷ የሞተች፣ አንዱ ድሃ። ፈረመች። ያን ለስላሳ፣ የተማረ እጅ ጽሕፈቷን አሳርፋ ፈረመች። ባለማወቅ! እኔ ነኝ ያላወቅሁት፣ ትላለች አሁን ጮክ ብላ፣ በጸጥታው ሰዓት፣ በሕግ በተከለከለው ሰዓት። ሐምዲያማ የታዘዘችውን ሁሉ ያደረገች፣ መድኃኒቱን ከእህሏ ያስቀደመች ናት። ያላወቅሁት እኔ፣ ያላወቀው ተቆጣጣሪው፣ ያላወቀው ሦስት ዓመት ሙሉ የአጥንት ስም በላቲን እያስሸመደደ ሰው መቼ እንደሚበላ ጠይቁ ያላለን መምህር!

በሩ ተንኳኳ። «ሽቬስተር ሐሬ! ቴሌፎን!» የማደሪያው ኃላፊ ፍራው ክሎዝ ናት፤ ስሟን ሙሉውን መጥራት አቅቷት ግማሹን አስቀርታዋለች። ሐረገወይን ባዶ እግሯን ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። በስልኩ ውስጥ ነፋስ አለ፣ የአንዲት የአዲስ አበባ ኦፕሬተር ድምፅ አለ፣ «ሸዋሮቢት፣ ይናገሩ!» የሚል፤ ከዚያ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ የሚጮህ ሽማግሌ።

«ሲስተር! ይሰማል?»

«ይሰማል፣ ጋሽ ጀይላን።»

«ደህና ነዎት? ብርዱ እንዴት አደረገዎት?»

«ደህና ነኝ። ጋሽ ጀይላን፣ እኔ...»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ደቂቃው እንዳያልቅብን። ስለ ክሱ አይደለም። ረመዳን ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ንዳዱ ዘንድሮም ብሷል፣ ማጀቴ ከተማ ድረስ ሰው እየረገፈ ነው ይላሉ። በእርስዎ ቦታ የመጣው ነርስ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን አሥሩንም ባንድ ወረቀት ይጠቀልላል። ሄጄ ነገርኩት፤ በረመዳን እንዲህ አይሆንም፣ የዕለት የዕለቱን ስጥ፣ ከፈለግህ እኔ በነፃ መስጊድ በር እቀመጣለሁ አልኩት። ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ዓምና ሰው የገደልከው አንተ አይደለህም እንዴ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

የኮሪደሩ ግድግዳ ነጭ ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለውም።

«የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች ሐረገወይን።

«እሱንማ እኔ አውቃለሁ። የእኔ ማወቅ ማንን ያድናል?»

ከጎኑ የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ይሰማል፤ ጤና ጣቢያውን ስትጠርግ የኖረች፣ በሰው ንግግር መሐል መግባት የማይከብዳት ሴት ናት። «መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው በላት! ሊያቃጥሉት ከጣሉት ወረቀት መሐል አውጥቼ እህል ጋን ውስጥ ነው ያኖርኩት በላት!»

«ሰምታለች።»

«ዳኛው የክኒን ሰጪው ፊርማ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብለዋል በላት!»

«ሰማች አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ! ሲስተር፣ ይጻፉልን። አንዱን ለዳኛው፣ በኤምባሲ ፊት። አንዱን ለዚህ ልጅ፣ ረመዳን ሳይገባ እንዲደርስ። ፊርማ ብቻ አይበቃም ካሉ ደግሞ...» እዚህ ላይ ሳቀ፣ ያ የድሮ ሳቁ፣ «ደግሞ ጣትዎን ያኑሩበት። እኛን ሲያስፈርሙን እንደነበረው።»

ሌላም ነገር ሊል ነበር፣ መስመሩ ተቆረጠ። ነፋሱ ብቻ ቀረ፣ እሱም ቆመ።

ፍራው ክሎዝ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ጸጥታ እንድትጠብቅ አሳሰበቻት። ሐረገወይን እንደ ወትሮዋ አንገቷን አልደፋችም። ክፍሏ ገባች፣ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ከፈተችው። ኤምባሲው ቦን ነው፤ ነገ ጠዋት ከሥራ እንደወጣች የዳኛውን ደብዳቤ ይዛ ባቡር ትሳፈራለች፣ ሰኞ በሩ ሲከፈት ትገኛለች። የትምህርት ገንዘቧ የሚመጣው በዚያው ቢሮ ነው፤ ደብዳቤዋን የሚያትመው ሰው መጀመሪያ ያነበዋል፣ ካነበበው በኋላ እዚህ ላትቆይ ትችላለች፣ ደብረ ብርሃን ስትመለስም የሚጠብቃት ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ እናቷ ለጎረቤት የሚናገሩት አያገኙም። ይሁን። የሚያስፈራት ይህ ሳይሆን አሥራ ሁለቱ ቀን ነው፤ ደብዳቤ በአውሮፕላን ስምንት ቀን ይፈጃል፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ነውና ሳይዘጋ መድረስ አለባት። የጀርመኖቹን ወረቀት፣ ያንን ማኅተም ያለበትን፣ ገልብጣ ዛሬ ለአዲሱ ነርስ የሚላከውን በጀርባው ጻፈች፤ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አልፈለገችም። «ለሐምዲያ አሥር የክሎሮኪን ፍሬ በአንድ ጊዜ የሰጠኋት፣ አወሳሰዱንም ለጾመኛ በሚገባ ሳልነግራት ያሰናበትኳት እኔ ሐረገወይን ነኝ። የድሬሰር ጀይላን እጅ የለበትም። ረመዳን በገባበት ቀን ቆርቆሮው ለእሱ ይመለስለት፤ እሱ እንደሚያደርገው ይደረግ።» ከዚህ በታች ለአብዱረሂም አንድ መስመር ጨመረች፤ «አልጎደለም ያልኩዎት እውነት ነው። የበዛው ነው የገደላት፣ ያበዛሁትም እኔ ነኝ።» ፈረመች።

ከዚያ የብዕሯን ቀለም አውራ ጣቷ ላይ አፈሰሰች፣ ወረቀቱ ላይ ተጫነች፣ ጣቷን አነሳች። ሦስት ወር ሙሉ በሆስፒታሉ ማጽጃ ሲታጠብ የቆየ ጣት ነው፤ ቆዳው ነጥቶ ተልጧል። ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ድፍን ነጠብጣብ ብቻ ነው።

«አልወጣም» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እንደገና።»